ባዮፊልም ምንድን ነው? የውሃ ማጣሪያ ለምን ይታነቃል?

ውሃ ሲመላለስበት የከረመ ቢጫ ጀሪካን ቤታችሁ ካለ፣ ጣታችሁን በአፉ አስገብታችሁ የውስጥ ግድግዳውን ዳበስ አድርጉት። ያሙለጨልጫል። ውሃው ኩልል ያለ ነው፤ ጀሪካኑም ትናንት ተለቅልቋል፤ ልጋጉ ግን እዚያው አለ። ባዮፊልም የሚባለው ይኸው ነው፦ ባክቴሪያዎች አንድ ገጽ ላይ ተጣብቀው፣ ራሳቸው ያመነጩትን ሙጫ መሰል ነገር ለብሰው የሚኖሩበት ሰፈር። ጠዋት ጠዋት በመፋቂያ ከጥርሳችን የምናስለቅቀውም የዚሁ ዘመድ ነው። ሆላንዳዊው ሊዩዌንሁክ እ.ኤ.አ. በ1683 ከጥርሱ ላይ የፋቀውን ቆሻሻ በማጉያ መነጽር አይቶ ሕይወት እንዳለው ጽፏል።

ጀሪካን ቢያሙለጨልጭ በጠጠርና በውሃ አንቀጫቅጨን እናጥበዋለን። ችግሩ የሚብሰው ሜምብሬን ላይ ነው። ሜምብሬን ማለት ቀዳዳው ለዓይን የማይታይ ስስ ወንፊት ነው። ብዙዎቹ ባክቴሪያዎች ከግማሽ እስከ 5 ማይክሮን ይሆናሉ፤ አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። አልትራፊልትሬሽን የሚባለው ሜምብሬን ቀዳዳ ደግሞ ከ0.1 ማይክሮን በታች ስለሆነ ባክቴሪያ አያልፍበትም። ሳያልፍ የቀረው ታዲያ የት ይሄዳል? እዚያው ገጹ ላይ ይቀመጣል። የጤፍ ወንፊት ላይ የቀረ ገለባ አይዋለድም፤ ባክቴሪያ ግን ይዋለዳል። ኢ.ኮላይ የሚባለው ዓይነት ምግቡና ሙቀቱ ከተመቸው በ20 ደቂቃ ውስጥ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከመቶው 99ኙን አስቀድሞ ማስወገድ ጊዜ ይገዛ እንደሆነ እንጂ ነገሩን አይፈታም።

ጭቃ ከዚህ ይሻላል። በክረምት ግልገል አባይ የሰከላን አፈር ጠራርጎ ጣና ሲገባ ውሃው ቡና በወተት ይመስላል፤ ማጣሪያም ይደፍናል። ሆኖም ንጹሕ ውሃ በተቃራኒው አቅጣጫ ሲገፋበት አብዛኛው ጭቃ ይለቃል። ልጋጉ ግን ሙጭጭ ይላል። ውሃው በዚያ ውስጥ እንዲያልፍ ግፊት መጨመር ያስፈልጋል፤ የግፊቱን ዋጋ የሚከፍለው መብራት ነው።

ክሎሪን ጨምሮ መግደል አይቻልም ወይ? እዚህ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። ጨው እንኳ የሚያስቀሩት የሪቨርስ ኦስሞሲስ ሜምብሬኖች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በካሊፎርኒያ ሲሠሩ ከሴሉሎስ አሲቴት፣ ማለት ከዕፅዋት ከሚገኝ ፕላስቲክ መሰል ነገር፣ ነበር። ያ ዓይነቱ ጥቂት ክሎሪን ይችላል፤ ግን ባክቴሪያ ራሱን ሜምብሬኑን ይበላዋል። በኋላ የመጣው ፖሊአሚድ የሚባል ፕላስቲክ አይበላም፣ ጨውም በደንብ ይይዛል፤ እርሱን ደግሞ ክሎሪን ይሰባብረዋል። አንዱ በበሽታው፣ ሌላው በመድኃኒቱ! በዚያ ላይ ክሎሪኑ የልጋጉን የላይኛውን ሽፋን ሲታገል አቅሙ ያልቃል፤ ከሥር ያሉት ይተርፋሉ። እርግጥ ለጣና ውሃ ጨው ማውጣት አያስፈልግም፤ እንዲህ ዓይነቱ ሜምብሬን ለምሳሌ በኩላሊት እጥበት ክፍሎችና በአንዳንድ የታሸገ ውሃ ፋብሪካዎች ውስጥ ይገኛል።

እንግዲህ የቀረው ገጹን ራሱን ማዘጋጀት ነው። ይህን ሐሳብ ጎጃም ውስጥ ጠላ ጠምቃ የምታውቅ ሴት ቶሎ የምትረዳው ይመስለኛል። ጋኑን መጀመሪያ በግራዋ ፈትጋ ታጥባለች፤ ከዚያ ደፍታ በወይራ ጭስ ታጥነዋለች። ግራዋው የተጣበቀውን ያስለቅቃል፤ ጭሱ የቀረውን ያዳክማል። የሜምብሬን ሠሪዎችም መንገድ እነዚሁ ሁለቱ ናቸው፦ እንዳይጣበቅ ማድረግ፣ የተጣበቀውን መግደል።

ለመግደል ብር ወይም መዳብ በጣም ደቅቆ ገጹ ላይ ይቀባል። ከብሩ የሚለቀቁት አዮኖች፣ ማለት የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያላቸው ደቃቅ የብር ቅንጣቶች፣ የባክቴሪያውን ፕሮቲን ይዘው ሥራውን ያስቆሙታል። የሸክላ ውሃ ማጣሪያም በዚሁ ይሠራል፦ ጭቃው ከሰጋቱራ ጋር ተቦክቶ ሲተኮስ ሰጋቱራው ተቃጥሎ ቀዳዳ ይተዋል፣ ገጹ ብር ይቀባል። ነገር ግን ብር በውሃ እየታጠበ ያልቃል። ከዚህ የከፋው ደግሞ የሞቱት ባክቴሪያዎች ሬሳ እዚያው ተኝቶ ብሩን መሸፈኑ ነው፤ አዲስ የሚመጡት በሬሳው ላይ ይሰፍራሉ። ስለዚህ «ባክቴሪያ ይገድላል» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ማጣሪያ ሳይ ብዙም አልደነቅም።

እኔን የሚማርከኝ ሌላው መንገድ ነው። ውሃ የነካው ተልባ በጣት አይያዝም፤ ፍሬው ውሃ የሚጠጣ ሽፋን ለብሶ ስለሚያዳልጥ ነው። ሜምብሬንም እንዲሁ ውሃ ወዳድ ሽፋን ሊለብስ ይችላል። ከዚህ ዓይነት ሽፋኖች አንዱ ክፍል አዎንታዊና አሉታዊ ቻርጅ ጎን ለጎን የያዘ ነው፤ ውሃን አጥብቆ ይይዛል። የቀረበው ባክቴሪያ የሚያገኘው ፕላስቲክ ሳይሆን ውሃ ነው፤ የሚጨብጠው ነገር ያጣል። ይህም ቢሆን ያዘገያል እንጂ ለዘለዓለም አያስቀርም፤ በወራት ውስጥ ፕሮቲንና ስብ ቀዳዳ ፈልገው ገጹን ያለብሱታል፣ ባክቴሪያውም ይከተላል።

ጋኑ በየጥንስሱ እንደገና ይታጠናል። ሜምብሬኑ ግን ብዙውን ጊዜ እንደ ሰሌን ተጠቅልሎ ቱቦ ውስጥ ስለታሸገ ማንም ከፍቶ ሊያጥነው አይችልም። ስለዚህ አንዳንድ ተመራማሪዎች አሁን የሚሞክሩት፣ ሜምብሬኑ ከቱቦው ሳይወጣ የውሃውን አሲድነት ወይም ጨው በመለወጥ ያረጀውን ሽፋን ከነልጋጉ አስለቅቆ አዲስ ማልበስን ነው።