ስለ አደገኛ የአንጎል ዕጢ የሚነገረውና እውነታው

ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ፣ በአንድ ቤት «የአንጎል ዕጢ» ከተባለ ምክሩ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። በቅን ልብ የተሰጠ ምክር ሁሉ ግን ትክክል አይደለም። እዚህ የምናነሣው ግሊዮብላስቶማ የሚባለውን፣ በአዋቂዎች ላይ ከአንጎል ከሚነሡ አደገኛ ዕጢዎች በብዛት የሚታየውን ነው።

«ቢላ ከነካው ይሰራጫል»

የዚህ ዕጢ ሕዋሳት ሐኪም ሳይነካቸውም ወደ ጤናማው የአንጎል ክፍል ዘልቀዋል። የሚያገረሸው በእነዚሁ ቀሪ ሕዋሳት ነው። ንግግርና እንቅስቃሴ ሳይጎዳ የሚቻለውን ያህል ማውጣት ዕድሜ ያራዝማል።

«ጠንካራ መድኃኒት ከውጭ ቢመጣ ያጠፋው ነበር»

የአንጎል ደም ሥሮች ግድግዳ አብዛኛውን የካንሰር መድኃኒት አያሳልፍም። ቴሞዞሎማይድ የተባለው እንክብል ግን በከፊል ያልፋል። በ2005 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት፣ 60 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ጨረር በ30 ጊዜ ተከፋፍሎ ብቻውን ከተሰጣቸው ግማሾቹ 12.1 ወር አልፈው ኖረዋል፤ እንክብሉ ሲጨመርላቸው ወደ 14.6 ወር ከፍ ብሏል። ኤምጂኤምቲ የተባለው ጂን ሥራውን ባቆመበት ዕጢ ላይ ደግሞ ይበልጥ ይሠራል፤ ስለዚህ ከዕጢው በተወሰደው ናሙና ላይ ይህ ምርመራ ይደረግ እንደሆነ ጠይቁ። ግድግዳውን በድምፅ ሞገድና በጥቃቅን አረፋዎች ለሰዓታት መክፈት ገና በሙከራ ላይ ነው።

«ምስሉ ላይ ካነሰ እየዳነ ነው»

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቤቫሲዙማብ የተባለው መድኃኒት የደም ሥሮችን ፍሳሽ ስለሚቀንስ የኤምአርአይ ምስሉ ቶሎ ያምራል፣ እብጠቱም ይቀላል። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጡ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ግን ከመደበኛው ሕክምና ጋር ከመጀመሪያው ሲሰጥ ዕድሜ እንዳላራዘመ አሳይተዋል። ተቃራኒውም አለ፦ ከጨረር በኋላ ባሉት የመጀመሪያ 3 ወራት ገደማ ዕጢው ያደገ የሚያስመስል እብጠት ሊታይ ይችላል። በአንድ ምስል ብቻ ተስፋ ቆርጦ ሕክምና ማቋረጥ አይገባም።

«ሙከራ ማለት ሰውን መፈተኛ ማድረግ ነው»

የመጀመሪያው ደረጃ ደኅንነትንና መጠንን ይለካል፤ ሦስተኛው ከመደበኛው ሕክምና ጋር ያወዳድራል። ታማሚው በፈለገ ጊዜ መውጣት ይችላል። በተላጨ ራስ ላይ ተለጥፎ የሕዋስ መከፋፈልን የሚያውክ 200 ኪሎኸርዝ የኤሌክትሪክ መስክ የሚያመነጨው መሣሪያ በዚህ መንገድ ነው የተፈተነው። በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣው ውጤት ግማሾቹ ታማሚዎች አልፈው የኖሩት ጊዜ መሣሪያው ከቴሞዞሎማይድ ጋር ሲደረብ 20.9 ወር፣ ያለ መሣሪያው 16.0 ወር ሆኗል። ማነጻጸሪያው ቡድን የማስመሰያ መሣሪያ ስላልተሰጠው ግን ውጤቱን የሚጠራጠሩ ሐኪሞች አሉ፤ ጥርጣሬያቸውም ተገቢ ነው። በቀን ቢያንስ 18 ሰዓት መደረግ፣ ባትሪውም እየተፈራረቀ መሞላት አለበት። መብራት በሚቆራረጥበት ቀበሌ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከልጣፊው ሥር ቆዳ መቁሰልም ያጋጥማል።

«ፀበል ከጀመሩ መድኃኒት ይቆማል»

ወደ ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ የሚሄድ ታማሚ መድኃኒቶቹን ይዞ ይሂድ። ዴክሳሜታሶን የተባለው መድኃኒት ዕጢውን አያጠፋም፤ በዙሪያው ያለውን እብጠት ነው የሚቀንሰው። ለሳምንታት ከተወሰደ በኋላ በድንገት ሲቆም እብጠቱ ይመለሳል፣ ሰውነትም የራሱን ተመሳሳይ ሆርሞን ማምረት ስላቆመ ግፊት ይወርዳል፣ ታማሚው ይዝላል። የሚጥል በሽታ መድኃኒትም በድንገት ከተተወ የማያቋርጥ መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል። ሁለቱም የሚቀነሱት ሐኪም ባዘዘው መጠን ቀስ በቀስ ነው። በጾም ወቅት የመድኃኒቱን ሰዓት ከሐኪምም ከንስሐ አባትም ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይበጃል። ታማሚው ካስታወከ፣ ራስ ምታቱ ከበረታ ወይም ለመንቃት ከተቸገረ፣ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።