የቅማንት የራስ አስተዳደር ጥያቄ በጎንደር

ቅማንት ከአገው ወገን ነው። በጎንደር ዙሪያ፣ በተለይ በጭልጋና በላይ አርማጭሆ፣ ከአማራው ጋር ተዋልዶና ተዛምዶ ይኖራል። ቋንቋውን የሚናገሩት ዛሬ ጥቂት አረጋውያን ናቸው። የጥንቱን እምነት ወምበር የሚባሉ የሃይማኖት አባቶች ይመሩት ነበር፤ አሁን አብዛኛው ሕዝብ ኦርቶዶክስ ነው።

የ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ 172,327 ቅማንቶችን መዝግቧል። በ1999ኙ ግን ስሙ ለብቻው አልሰፈረም። ስሙ ከመዝገብ የወጣ ሕዝብ ቢከፋው አይገርምም፤ የራስ አስተዳደር ጥያቄውም ከዚያ በኋላ ጠነከረ።

የጥያቄው የሕግ መሠረት የብሔር ብሔረሰቦችን ራስን የማስተዳደር መብት የሚደነግገው የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 ነው። የአማራ ክልልም ለአዊ፣ ለዋግ ኽምራና ለኦሮሞ ከነምክር ቤታቸው የብሔረሰብ አስተዳደር ሰጥቷል። በዚህ ክልሉ ከብዙዎች ቀድሟል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለቅማንት ሲሆን ግን ነገሩ ከበደ። የአንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 5 «የጋራ ቋንቋ» እና «በአብዛኛው በተያያዘ መልክዓ ምድር» መኖርን ብሔር ወይም ብሔረሰብ ከሚያሰኙ መለኪያዎች ይቆጥራል። አማርኛ ለሚናገርና ከጎረቤቱ ጋር አጥር ለአጥር ለሚኖር ሕዝብ ሁለቱም ፈተና ናቸው።

የክልሉ ምክር ቤት መጀመሪያ ጥያቄውን አልተቀበለም። በ2007 ዓ.ም. ግን ለ42 ቀበሌዎች የራስ አስተዳደር ፈቀደ። ወዲያው «የቀሩትስ?» የሚል ክርክር ተነሳ። በ2008 ግጭት ተቀሰቀሰ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ። ማን ጀመረው በሚለው ዛሬም ስምምነት የለም።

መስከረም 7 ቀን 2010 ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። ከታቀዱት 12 ቀበሌዎች ድምፅ የተሰጠው በ8ቱ ነው። ሰባቱ በነበሩበት አስተዳደር መቆየትን መረጡ፣ አንዱ የቅማንትን አስተዳደር መረጠ። ድምፅ መስጠቱ ከጠመንጃ እጅግ ይሻላል። ግን በሰባቱ ቀበሌዎች የተሸነፈው ቅማንት፣ በአንዱም የተሸነፈው አማራ፣ እዚያው ቤቱ ነው ያለው። የቀበሌው ብዙኃን ወሰኑ፤ አናሳው በማግስቱ በቀበሌው ምክር ቤት ምን ድርሻ እንደሚኖረው ግን ድምፁ አልመለሰም።

ለዚህ መነሻ የሚሆን ሐሳብ እዚያው ሕገ መንግሥት ውስጥ አለ። አንቀጽ 54 ከተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ ቢያንስ 20ውን ለአናሳ ብሔረሰቦች ይጠብቃል። ይህን መርህ ወደ ወረዳና ቀበሌ ማውረድ፣ ወሰን ከማስመር በፊት ሁለቱም ወገኖች ሊደራደሩበት የሚገባ ነው። ድርድሩ ለምን እንደሚያስፈልግ ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም፤ በ2011 እንደገና በተነሳው ግጭት ብዙ ሰው ከቀዬው ተፈናቅሏል።