የልብ ፓምፕ እና የደም ሴሎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ልቡ በጣም ለደከመ ሰው የሚገጠም ፓምፕ አለ። ደሙን ከግራው የልብ ክፍል ተቀብሎ ወደ ዋናው የደም ቧንቧ ይገፋል። ሕይወት ያተርፋል፤ ግን ደሙን ራሱን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ጉዳት የሚወራው ሁሉ ትክክል አይደለም።

«የደም ሴሎችን የሚሰብረው የፓምፑ ፍጥነት ነው፤ ቀስ ብሎ ቢዞር ችግሩ ያበቃል።»

ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ቀይ የደም ሴል በቀላሉ ይተጣጠፋል። የሚያፈርሰው በጠባብ ቦታ የሚደርስበት ኃይለኛ ፍትጊያ ነው፤ ፍትጊያው የሚቆይበት ጊዜም ይወስናል። ስለዚህ የፓምፑ ቅርጽ ትልቅ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የናሳ መሐንዲሱ ዴቪድ ሶሲየር ሂውስተን ውስጥ በዶክተር ማይክል ዲቤኪ የልብ ንቅለ ተከላ ተደረገለት። ከዚያ በኋላ በዲቤኪ ቡድንና በናሳ ትብብር ትንሽ ፓምፕ መሥራት ተጀመረ። የመጀመሪያው ንድፍ ደም ይሰብር ነበር፤ ደምም ይረጋበት ነበር። የናሳ ባለሙያዎች የሮኬት ሞተር ፍሰት በሚያሰሉበት መንገድ የደሙን ጉዞ በሱፐርኮምፒውተር አሰሉ። ከዋናው ፕሮፔለር ፊት ደሙን ቀድሞ የሚያዞር ክፍል ጨመሩ፤ ኩሽኔታው አካባቢ ያለውን ክፍተትም ቅርጹን ቀየሩት። ጉዳቱ በጣም ቀነሰ። ፓምፑ በ1998 አውሮፓ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተገጠመ።

«ማግኔት ያለው ፓምፕ በደም ውስጥ ያለውን ብረት ይስባል።»

በፍጹም። የሄሞግሎቢን ብረት እንደ ሚስማር በማግኔት አይያዝም። እንዲያውም ማግኔቱ የደም ባለውለታ ነው። ሃርትሜት 3 በሚባለው ፓምፕ ውስጥ ፕሮፔለሩ በማግኔት ተንሳፎ ስለሚዞር ኩሽኔታ የለውም፤ ደሙ የሚያልፍበት ክፍተትም ሰፊ ነው። ደም ጥግ ይዞ እንዳይረጋ በየ2 ሴኮንዱ ፍጥነቱን ይቀያይራል። 1,028 ሕሙማን በተሳተፉበት ጥናት፣ ሃርትሜት 3 ከተገጠመላቸው መካከል በ2 ዓመት ውስጥ ፓምፕ መቀየር ያስፈለጋቸው 2.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀድሞው ሃርትሜት 2 ግን 11.3 በመቶ።

«ቀይ ሴሎቹ ካልፈረሱ ደሙ ደህና ነው።»

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ቮን ዊልብራንድ የሚባል ደም እንዲረጋ የሚያግዝ ረጅም ፕሮቲን አለ። ቀይ ሴል ከሚፈርስበት በጣም ባነሰ ኃይል ይዘረጋና ይቆራረጣል። ሲያጥር ሥራውን በደንብ አይሠራም። አንጀታቸው የሚደማ ሕሙማን የሚበዙት በከፊል ለዚህ ነው። በ2023 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ሃርትሜት 3 ያላቸው ሕሙማን ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ እየወሰዱ አስፕሪኑ ሲቀርላቸው መድማቱ ቀንሷል፤ የደም መርጋት ግን አልጨመረም። ይህን የሚወስነው ግን ሐኪም ነው፤ ማንም በራሱ እንዳያቆም።

«ፍጥነቱ ሲጨመር ሕመምተኛው ይበረታል።»

በልክ ሲሆን፣ አዎ። ከልክ ሲያልፍ ግን ልቡ ባዶ ይሆንና ፓምፑ የልቡን ግድግዳ ይስባል። መግቢያው ሲጠብ ደም ይሰበራል። ተቅማጥ ይዞት ወይም ውሃ ሳይጠጣ ቆይቶ ፈሳሽ ያነሰው ሰውም ላይ ይሄው ይደርሳል።

«ሽንት የጠቆረው ውሃ ስላነሰ ነው።»

ሊሆን ይችላል። ፓምፕ ያለው ሰው ሽንት እንደ ሻይ ከጠቆረ ግን ከተሰበሩት ሴሎች የወጣ ሄሞግሎቢን ሊሆን ይችላል፤ ኩላሊትም ይጎዳል። በዚያው ቀን ለሕክምና ቡድኑ ይደወል፤ የሴሎቹን መሰበር የሚጠቁመው ኤልዲኤች የሚባለው የደም ምርመራ ይታዘዛል።