የቻይና ትልልቅ ባንኮች አለቆች፦ ከየት ይመጣሉ፣ ወዴትስ ይሄዳሉ?

በጠቅላላ ሀብት ሲለካ የዓለምን የመጀመሪያዎቹን አራት ቦታዎች የያዙት የቻይና ባንኮች ናቸው። እነሱም የቻይና ኢንዱስትሪና ንግድ ባንክ፣ የቻይና ግብርና ባንክ፣ የቻይና ኮንስትራክሽን ባንክና ባንክ ኦፍ ቻይና ናቸው። የመጀመሪያውን ብዙ ሰው አይሲቢሲ ይለዋል፤ እኔም እንደዚያው እጽፋለሁ። ስለ ባንኮቹ ትልቅነት በአማርኛ በየጊዜው ዜና እናነባለን። ስለሚመሯቸው ሰዎች ግን አንድ ላይ የተሰበሰበ ጽሑፍ ማግኘት ከባድ ነው። ይህ ዳሰሳ ያንን ጉድለት በጥቂቱም ቢሆን ለመሙላት የተዘጋጀ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የአንድ ትልቅ የቻይና ባንክ ሊቀመንበር በቅድሚያ የፓርቲና የመንግሥት ሹም ነው። ማዕረጉ ከምክትል ሚኒስትር ጋር እኩል ነው። የቻይና ልማት ባንክ ደግሞ አንድ እርከን ከፍ ብሎ በሚኒስትር ደረጃ ተቀምጧል። ስለዚህ ዛሬ ባንክ የሚመራ ሰው ነገ የአንድ ግዛት ምክትል አስተዳዳሪ ይሆናል። ከነገ ወዲያ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ይህን የሚወስነው የኮሚኒስት ፓርቲው ነው።

አሿሿሙ የራሱ ሥርዓት አለው። ዕጩው የሚመረጠው በፓርቲው ማዕከላዊ የድርጅት ጉዳይ መምሪያ በኩል ነው። ውሳኔው ሲያልቅ ከመምሪያው የተላከ ባለሥልጣን ወደ ባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት ይመጣል። የባንኩ ካድሬዎች ይሰበሰባሉ፣ ውሳኔው ይነበባል። ተሿሚው በዚያው ዕለት የባንኩ የፓርቲ ኮሚቴ ጸሐፊ ይሆናል። የቦርዱ ምርጫ፣ የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ማረጋገጫና የባለአክሲዮኖች ድምፅ የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። የአብዛኛው አክሲዮን ባለቤቶች የገንዘብ ሚኒስቴርና ሁይጂን የተባለው የመንግሥት ኩባንያ ስለሆኑ የድምፁ ውጤት አያጠራጥርም።

ከአንድ ባንክ ወደ ብዙ ባንኮች

የቻይና ሕዝብ ባንክ በታኅሣሥ 1948 ከተመሠረተ ጀምሮ እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ድረስ የአገሪቱን የባንክ ሥራ ከሞላ ጎደል ብቻውን ይሠራ ነበር።

በ1979 ግብርና ባንክ እንደገና ተቋቋመ። ባንክ ኦፍ ቻይናም ከሕዝብ ባንክ ተለየ። ጥር 1 ቀን 1984 አይሲቢሲ ሥራ ጀመረ፤ ሕዝብ ባንክም ወደ ማዕከላዊ ባንክነት ዞረ። ኋላ ቻይናን በባንክ ያስጠሩት ሰዎች ወደ ሥራው የገቡት በእነዚህ ዓመታት ነው። ብዙዎቹ በባህል አብዮቱ ዘመን ከከተማ ወደ ገጠር ተልከው እርሻ ላይ ወይም ማዕድን ውስጥ የሠሩ ወጣቶች ነበሩ።

ከእነሱ ሁሉ ሰፋ ብሎ መነገር ያለበት የጂያንግ ጂያንቺንግ ታሪክ ነው። በ1953 በሻንሃይ ተወለዱ። በወጣትነታቸው ወደ ገጠር ተላኩ፤ በኋላም ሄናን ውስጥ በከሰል ማዕድን ሠሩ። በ1979 በሻንሃይ የሕዝብ ባንክ ተራ ሠራተኛ ሆነው ገቡ። አይሲቢሲ ሲቋቋም ወደዚያው ተሻገሩ። እየሠሩ ተማሩ፣ እስከ ዶክትሬትም ዘለቁ። በ1995 የዛሬው የሻንሃይ ባንክ ሲመሠረት መሪው እሳቸው ነበሩ። ከዚያ የአይሲቢሲ የሻንሃይ ቅርንጫፍ ኃላፊ፣ በ1999 የባንኩ ምክትል ፕሬዝዳንት፣ በ2000 ፕሬዝዳንት ሆኑ። ባንኩ በ2005 ወደ አክሲዮን ማኅበር ሲቀየር ሊቀመንበር ተባሉ። በ2016 በ63 ዓመታቸው ጡረታ ሲወጡ አይሲቢሲን ለ16 ዓመታት መርተዋል። በአንድ ትልቅ የቻይና ባንክ ላይ እንዲህ ረጅም ጊዜ የቆየ ሌላ መሪ ማግኘት ያስቸግራል።

እኔም ባንክ ቤት ቴለር ሆኜ የጀመርኩ ሰው ስለሆንኩ እንዲህ ያለው ጉዞ ከሌሎቹ ይልቅ ይማርከኛል። ከቅርንጫፍ የወጣ ሰው ብድር የት ላይ እንደሚበላሽ በዓይኑ አይቶታል። አይሲቢሲ በጂያንግ ዘመን ያሳየው ለውጥም ይህን የሚመሰክር ይመስለኛል። ሲረከቡት በተበላሸ ብድር የተያዘ ባንክ ነበር። በ2007 በገበያ ዋጋው ሲቲግሩፕን አልፎ የዓለም ትልቁ ባንክ ሆነ። በዚያው ዓመት የደቡብ አፍሪካውን ስታንዳርድ ባንክ 20 በመቶ ድርሻ በ5.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለመግዛት ተስማማ።

የ1998ቱ ለውጥና ከእሱ በኋላ የመጣው

ከ1998 በፊት የአንድ ቅርንጫፍ ኃላፊ ሁለት ጌቶች ነበሩት። አንዱ ዋናው መሥሪያ ቤት ነው። ሌላው የግዛቱ ፓርቲ ኮሚቴ ነው። የግዛቱ አለቃ ለፋብሪካው ብድር ሲጠይቅ ኃላፊው እምቢ ማለት አይችልም ነበር። ዕድገቱም ሹመቱም በእነዚያ ሰዎች እጅ ነበርና።

ይህን የሰበሩት ጁ ሮንጂ ናቸው። ከ1993 እስከ 1995 ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ሳለ የማዕከላዊ ባንኩን ገዥነትም ደርበው ያዙ። በ1998 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በዚያ ዓመት የፋይናንስ ካድሬዎችን ሹመት ከግዛቶች ወስዶ ወደ ቤይጂንግ የሚያመጣ የፓርቲ ማዕከላዊ የፋይናንስ ሥራ ኮሚቴ ተቋቋመ። የሕዝብ ባንክ በየግዛቱ የነበሩት ቅርንጫፎችም በዘጠኝ ቀጠናዎች ተተኩ። የቀጠናው ኃላፊ ለአንድ ግዛት አለቃ ብቻ እንዳይታዘዝ ታስቦ ነው። ያለዚህ ለውጥ ኋላ የመጣው ሁሉ አይታሰብም ነበር።

ገንዘቡም ተከተለ። በ1998 መንግሥት 270 ቢሊዮን ዩዋን በቦንድ አሰባስቦ በአራቱ ባንኮች ካፒታል ላይ ጨመረ። በ1999 አራት የንብረት አስተዳደር ኩባንያዎች ተቋቁመው 1.4 ትሪሊዮን ዩዋን ገደማ የተበላሸ ብድር ከባንኮቹ ተረከቡ። በ2003 መጨረሻ ሁይጂን 45 ቢሊዮን ዶላር ለኮንስትራክሽን ባንክና ለባንክ ኦፍ ቻይና እኩል አካፈለ። ከዚያ የአክሲዮን ሽያጩ ዘመን መጣ። ኮንስትራክሽን ባንክ በጥቅምት 2005፣ ባንክ ኦፍ ቻይና በሰኔ 2006፣ አይሲቢሲ በጥቅምት 2006፣ ግብርና ባንክ በሐምሌ 2010 ወደ ገበያ ወጡ። አይሲቢሲ ወደ 22 ቢሊዮን ዶላር ሲያሰባስብ እስከዚያ ድረስ በዓለም ትልቁ ሽያጭ ነበር። ግብርና ባንክ ከአራት ዓመት በኋላ ይህን ክብረ ወሰን በጥቂቱ አለፈ።

በዚህ ዘመን ሁለት ዓይነት መሪ ጎን ለጎን ይታያል። አንዱ እንደ ጂያንግ ከቅርንጫፍ ያደገው ነው። ሌላው ከፖሊሲ ሥራ የመጣው ነው። ለሁለተኛው ጥሩ ምሳሌ ጆ ሺያዎችዋን ናቸው። ከቺንግኋ ዩኒቨርሲቲ በዶክትሬት ተመርቀው በ1991 የባንክ ኦፍ ቻይና ምክትል ፕሬዝዳንት ሆኑ። ከዚያ የውጭ ምንዛሪ አስተዳደርን መሩ፣ የማዕከላዊ ባንኩ ምክትል ገዥ ሆኑ፣ ከ1998 እስከ 2000 ኮንስትራክሽን ባንክን መሩ። ቀጥሎ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ሊቀመንበር ሆኑ። ከ2002 መጨረሻ እስከ 2018 ደግሞ የማዕከላዊ ባንኩ ገዥ ነበሩ።

ጉዎ ሹቺንግም እንዲሁ ብዙ ወንበር አይተዋል። የጉይጆ ግዛት ምክትል አስተዳዳሪ፣ የማዕከላዊ ባንኩ ምክትል ገዥ፣ ከ2005 እስከ 2011 የኮንስትራክሽን ባንክ ሊቀመንበር፣ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ፣ የሻንዶንግ ግዛት አስተዳዳሪ፣ በመጨረሻም የባንክ ተቆጣጣሪ ሆነዋል።

ከባንክ ተነስቶ ወደ ፖለቲካው ጫፍ የደረሰው ዋንግ ቺሻን ነው የሚለው ላይ ብዙዎች ይስማማሉ። የተማሩት ታሪክ ነው። ከ1994 እስከ 1997 ኮንስትራክሽን ባንክን መሩ። በእስያ የገንዘብ ቀውስ ጊዜ ወደ ጓንግዶንግ ተልከው የጓንግዶንግ ዓለም አቀፍ ኢንቨስትመንት ኩባንያን ኪሳራ አስተናገዱ። በ2003 ሳርስ ሲገባ የቤይጂንግ ከንቲባ ተደረጉ። ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር፣ የፓርቲው የሥነ ሥርዓት ቁጥጥር ኮሚሽን ጸሐፊ፣ ከ2018 እስከ 2023 ምክትል ፕሬዝዳንት ሆነዋል። ባለቤታቸው የቀድሞ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር የያዎ ዪሊን ልጅ ናቸው። የልማት ባንክን ከ1998 እስከ 2013 የመሩት ቼን ዩዋንም የአብዮቱ አንጋፋ የቼን ዩን ልጅ ናቸው። ቤተሰብ በሹመት ላይ ምን ያህል ይመዝናል የሚለው የሚያከራክር ነው። አንዳንዶች ወሳኝ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ችሎታቸውን ያስቀድማሉ። ሁለቱም ወገን የሚጠቅሰው ምሳሌ አለው።

ከባንክ ወደ ገበያ ተቆጣጣሪነት

የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ወንበር ለባንክ አለቆች የተለመደ ቀጣይ ጣቢያ ሆኖ ቆይቷል። ሻንግ ፉሊን ከግብርና ባንክ፣ ጉዎ ሹቺንግ ከኮንስትራክሽን ባንክ፣ ሺያዎ ጋንግ ከባንክ ኦፍ ቻይና፣ ሊዩ ሺዩ ከግብርና ባንክ፣ ዪ ሁይማን ከአይሲቢሲ ሄደውበታል። ወንበሩ ግን ምቹ አልነበረም። ሺያዎ ጋንግ ከ2015ቱ የገበያ ውድቀት በኋላ በየካቲት 2016 ተነሱ። ዪ ሁይማን ከዠጂያንግ ጀምረው በጂያንግሱና በቤይጂንግ ቅርንጫፎች ያለፉ እውነተኛ የአይሲቢሲ ልጅ ነበሩ። በየካቲት 2024 ተነሱ፤ በመስከረም 2025 ምርመራ እንደተከፈተባቸው ይፋ ሆነ።

ወደ ግዛት መውጣትና መመለስ

ካለፉት አሥር ዓመታት ወዲህ ግዛቶች ፋይናንስ የሚያውቅ ምክትል አስተዳዳሪ በብዛት ይፈልጋሉ። የአካባቢ መንግሥታት ዕዳ ሲከብድ ከባንክ ጋር መደራደር የሚችል ሰው ያስፈልጋል። ለባንኩ ሰውም ይህ ከፍ ወዳለ ሥልጣን መውጫ ነው። ጌ ሃይጂያዎ ግብርና ባንክ ውስጥ አድገው የኤቨርብራይት ባንክ ፕሬዝዳንት ሆኑ። ወደ ሄቤይ በምክትል አስተዳዳሪነት ሄዱ፤ በ2023 ደግሞ የባንክ ኦፍ ቻይና ሊቀመንበር ሆነው ተመለሱ። ዪን ዮንግ ከማዕከላዊ ባንኩ ምክትል ገዥነት ወደ ቤይጂንግ ምክትል ከንቲባነት ተዛውረው ኋላ ከንቲባ ሆነዋል።

ሁሉም አልቀናቸውም። ጂያንግ ቻዎሊያንግ የኮሙኒኬሽንስ ባንክንና የግብርና ባንክን መርተው የጂሊን ግዛት አስተዳዳሪ፣ ቀጥሎም የሁቤይ የፓርቲ ጸሐፊ ሆኑ። በየካቲት 2020 ኮቪድ ዉሃንን ሲያጥለቀልቅ ከሥልጣን ተነሱ። ከአምስት ዓመት በኋላ ምርመራ ተከፈተባቸው።

ደመወዝ

በ2015 መጀመሪያ በማዕከላዊ መንግሥት ሥር ያሉ ድርጅቶች አለቆች ደመወዝ ተቀነሰ። የጂያንግ ጂያንቺንግ የዚያ ዓመት ክፍያ በግማሽ ገደማ ወርዶ ከ600 ሺህ ዩዋን በታች ሆነ። በዚያው ዓመት የአሜሪካው ጄፒሞርጋን አለቃ 27 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሏቸዋል። ዝቅተኛው ደመወዝ ሙስናን ያበረታታል የሚሉ አሉ። እኔ ግን አልቀበለውም፤ ትልልቆቹ የሙስና ጉዳዮች ከደመወዝ ቅነሳው በፊትም ነበሩ።

የወደቁት

ዋንግ ሺዌቢንግ በኒው ዮርክ ቅርንጫፍ ኃላፊነት የታወቁ፣ በ1993 ገና በ40ዎቹ መጀመሪያ የባንክ ኦፍ ቻይና መሪ የሆኑ ሰው ነበሩ። በ2000 ወደ ኮንስትራክሽን ባንክ ተዛወሩ፣ በ2002 ተነሱ፣ በ2003 መጨረሻ 12 ዓመት ተፈረደባቸው። የተኳቸው ጃንግ ኤንጃዎ አክሲዮኑ ሊሸጥ ሰባት ወር ሲቀረው በመጋቢት 2005 ሥራ ለቀቁ፤ በ2006 የ15 ዓመት እስራት ተወሰነባቸው። አንድ ባንክ በተከታታይ ሁለት መሪዎቹን በሙስና ማጣቱ ከባድ ጉዳት ነበር።

ያለፉት ዓመታት ቅጣት ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ከአራቱ የንብረት አስተዳደር ኩባንያዎች የአንዱ፣ የኋሮንግ፣ ሊቀመንበር የነበሩት ላይ ሺያዎሚን 1.79 ቢሊዮን ዩዋን ገደማ ጉቦ በመቀበል በጥር 2021 በሞት ተቀጡ። የልማት ባንኩ ሁ ኋይባንግ በዚያው ወር ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። የባንክ ኦፍ ቻይና ሊቀመንበር የነበሩት ሊዩ ሊያንጌ ከ121 ሚሊዮን ዩዋን በላይ ጉቦ ወስደዋል፣ ከ3.3 ቢሊዮን ዩዋን በላይ ብድርም ያለ ሕግ ፈቅደዋል ተብለው በኅዳር 2024 የሁለት ዓመት ፋታ ያለው የሞት ፍርድ ተወሰነባቸው። እንዲህ ያለ ፍርድ በአብዛኛው ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ይለወጣል።

የኤግዚም ባንክና እኛ

ለኢትዮጵያ አንባቢ በጣም የሚቀርበው የቻይና ኤግዚም ባንክ ነው። በ1994 የተቋቋመ የፖሊሲ ባንክ ነው። ለአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ወጪ 85 በመቶውን፣ ለአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ኢትዮጵያዊ ክፍል ደግሞ 70 በመቶ ገደማውን ያበደረው እሱ ነው። ብድሮቹ ሲሰጡ ባንኩን ይመሩ የነበሩት ሊ ሩዎጉ ከዚያ በፊት የማዕከላዊ ባንኩ ምክትል ገዥ ነበሩ። በ2015 የተኳቸው ሁ ሺያዎሊያንም ከዚያው ከምክትል ገዥነት የመጡ ናቸው፤ ቀደም ሲል የውጭ ምንዛሪ አስተዳደርን መርተዋል። እስከዚህ ደረጃ ከደረሱት ጥቂት ሴቶች አንዷ ናቸው። በ2018 የባቡሩ ብድር መክፈያ ከ10 ዓመት ወደ 30 ዓመት የተራዘመው በእሳቸው ዘመን ነው። ከእኛ ወገን የሚደራደር ሰው ከፊቱ የሚቀመጠው ባለሥልጣን የሕይወት ጉዞ ምን እንደሚመስል ቢያውቅ ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ።

በ2003 ፈርሶ የነበረው የፋይናንስ ሥራ ኮሚቴ በ2023 እንደገና ተቋቋመ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ፓን ጎንግሼንግ የማዕከላዊ ባንኩ ገዥ ሆኑ። አይሲቢሲና ግብርና ባንክ ውስጥ ሠርተው፣ ሁለቱ ወደ ገበያ ሲወጡ በሥራው ላይ የነበሩ ሰው ናቸው። አዲሱን ብሔራዊ የፋይናንስ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የተረከቡት ሊ ዩንዜ ደግሞ በ1970 የተወለዱ ናቸው። ኮንስትራክሽን ባንክ ውስጥ አድገው የአይሲቢሲ ምክትል ፕሬዝዳንት ሆኑ። በ2018 የሲቹዋን ምክትል አስተዳዳሪ ተደረጉ። ወደ ቤይጂንግ ሲመለሱ 52 ዓመታቸው ነበር።