ሬይመንድ ፊስማን፦ የተደበቀውን የሚቆጥረው ኢኮኖሚስት

ሙስናን ማጥናት ከባድ ነው። ጉቦ የሚቀበል ሰው ደረሰኝ አይቆርጥም። መጠይቅ በትነህ «ዓምና ስንት በላህ?» ብትል እውነቱን የሚነግርህ የለም። ሬይመንድ ፊስማን ታዲያ ሰዎቹን መጠየቁን ትቶ ለሌላ ጉዳይ የተያዙ መዝገቦችን ማገላበጥ ያዘ። ዶክትሬቱን የሠራው በሃርቫርድ ነው። በኒው ዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት አስተምሮ ወደ ቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተዛውሯል።

ስሙን ያስጠራው በ2001 ያወጣው የኢንዶኔዥያ ጥናት ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ፕሬዚዳንት ሱሃርቶ በስተርጅና ታመሙ በተባለ ቁጥር የጃካርታ አክሲዮን ገበያ ይደነግጥ ነበር። በ1996 ለምርመራ ጀርመን ሲሄዱም ይኸው ሆነ። ፊስማን ያየው የማን አክሲዮን ይበልጥ እንደወረደ ነው። የልጆቻቸውና የወዳጆቻቸው ኩባንያዎች ከሌላው የባሰ ወደቁ። እሱ እንዳሰላው፣ ከእነዚህ ኩባንያዎች ዋጋ እስከ ሩብ የሚደርሰው ከቤተ መንግሥት ጋር ካላቸው ቅርበት የመጣ ነበር።

ቀጥሎ ወደ ጉምሩክ መዝገብ ዞረ። በ2004 ከኢኮኖሚስቱ ሻንግ-ጂን ዌይ ጋር ሆኖ፣ ሆንግ ኮንግ ወደ ቻይና ላክሁ ያለችውን ዕቃ ቻይና ገባልኝ ካለችው ጋር በየዓይነቱ አስተያየ። ልዩነቱ የሚሰፋው ቀረጥ በከበደበት ዕቃ ላይ ነው። ቀረጡ አንድ መቶኛ ነጥብ ሲጨምር የሚሰወረው በ3 በመቶ ገደማ ያድጋል። አስመጪዎች የሚያውቁት አንደር ኢንቮይስ፣ ማለትም የዕቃውን ዋጋ አሳንሶ ማስመዝገብ ብቻ አልነበረም። ቀረጡ የከበደውን ዕቃ፣ በሚመስለውና ቀረጡ በሚቀለው ዕቃ ስም ማስመዝገብም ያውቁበት ነበር።

ለእኔ ግን የሁሉም ቁንጮ ከኢኮኖሚስቱ ኤድዋርድ ሚጌል ጋር ሠርቶ በ2007 ያሳተመው የፓርኪንግ ጥናት ነው። በኒው ዮርክ ያሉ የተባበሩት መንግሥታት ዲፕሎማቶች ያለመከሰስ መብት አላቸው። የፓርኪንግ ቅጣት ባይከፍሉ የሚነካቸው አልነበረም። ከተማው አንድ፣ ሕጉ አንድ፣ መብቱም አንድ። የሚለያዩት በመጡበት አገር ነው። ከ1997 እስከ 2002 መጨረሻ ድረስ ከ150,000 በላይ ቅጣት ሳይከፈል ተከመረ። ገንዘቡ ከ18 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ኩዌት በአንድ ዲፕሎማት በዓመት ከ240 በላይ ያልተከፈለ ቅጣት ይዛ አንደኛ ወጣች። ስዊድን፣ ኖርዌይና ጃፓን ምንም የላቸውም። የእኛስ? ኢትዮጵያ በአንድ ዲፕሎማት ወደ 60 ገደማ ይዛ ከፊተኞቹ ተርታ አለች። በጥቅሉ ሲታይ፣ ሙስና በዝቶባቸዋል የሚባሉት አገሮች ሰዎች ብዙ ቅጣት አከማችተዋል። እርግጥ ጥቂት ዲፕሎማት ያለው አገር አንድ ግዴለሽ ሾፌር ካለው ስሙ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ የእያንዳንዱን አገር ደረጃ ብዙ ባንመነዝረው ይሻላል።

በ2002 መገባደጃ ከተማው ሦስትና ከዚያ በላይ ቅጣት ያልከፈለ መኪና ታርጋ እንዲወስድ ተፈቀደለት። ዕዳውም ከአሜሪካ የውጭ እርዳታ ላይ ከነጭማሪው እንዲቆረጥ ተወሰነ። ያልተከፈለው ቅጣት ወዲያው በ98 በመቶ ገደማ ወረደ። ባህል ነው የተባለውን ጉዳይ የታርጋ መፈታት እንዲህ አስተካከለው።

በ2014 የወጣው የሕንድ ጥናት «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት በቁጥር የፈተነ ይመስላል። እጩዎች ሀብታቸውን ማስመዝገብ ግዴታቸው ስለሆነ፣ ያሸነፈውንና ለጥቂት የተሸነፈውን ማወዳደር ይቻላል። የአሸናፊዎቹ ሀብት በዓመት ከ3 እስከ 5 በመቶ ፈጥኖ አድጓል። ሚኒስትር የሆኑት ደግሞ ከዚያም በለጡ።

በመሃል የፍቅርን ጉዳይም አጥንቷል። የኮሎምቢያ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን ለአራት አራት ደቂቃ እያገናኘ፣ ማን ማንን ዳግም ማግኘት እንደሚፈልግ መዘገበ። ሴቶቹ ለብልህነት፣ ወንዶቹ ለመልክ ይበልጥ ክብደት ሰጡ። ወንዶቹ ብልህ ሴት ይወዳሉ፤ ከራሳቸው እስካልበለጠች ድረስ።

በ2017 ደግሞ ወደ ቻይና ተመለሰ። መንግሥት በ2004 ለየክፍለ ሀገሩ የአደጋ ሞት ጣሪያ አበጅቶ ነበር። ከጣሪያው ያለፈ ባለሥልጣን እድገቱ ይሰናከል ነበር። ፊስማንና የሥራ ባልደረባው ሪፖርቶቹን ሲደረድሩ፣ የሟቾቹ ቁጥር ብዙ ጊዜ ከጣሪያው ሥር ተጠግቶ ይቆማል። ከዚያ በላይ ያለው በድንገት ይሳሳል።