ከርማ፦ የኩሽ የመጀመሪያዋ መዲና

መጽሐፍ ቅዱስ ያነበበ ሰው የኢትዮጵያን ንጉሥ ቲርሐቅንና የንግሥት ህንደኬን ጃንደረባ አይረሳም። ሁለቱ ግን ከዛሬዋ ሱዳን፣ ከኩሽ መንግሥት ናቸው። ግሪኮች ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን አገር «ኢትዮጵያ» ይሉት ነበር። «ህንደኬ»ም ቢሆን የመርዌ፣ ማለትም የኋለኛዋ የኩሽ መዲና፣ ንግሥቶች ማዕረግ እንጂ የአንዲት ሴት ስም አይደለም።

ኩሽ የተጀመረው ግን ከመርዌ በፊት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ2500 እስከ 1500 ገደማ መዲናው ከርማ ነበረች። ከተማዋ ከዓባይ ሦስተኛው ፏፏቴ ትንሽ ወደ ደቡብ ትገኛለች። መሀሏ ላይ ደፉፋ የሚባል፣ ከጭቃ ጡብ የተሠራ ትልቅ ቤተ መቅደስ አለ። ፍርስራሹ ዛሬም 18 ሜትር ያህል ይቆማል።

አሜሪካዊው ጆርጅ ራይስነር እ.ኤ.አ. ከ1913 እስከ 1916 እዚህ ቆፈረ። ከታላላቆቹ ክብ መቃብሮች በአንዱ ውስጥ ጀፋይሃፒ የተባለ የግብፅ ሹም ሐውልት አገኘ። «በቃ፣ የተቀበረው እሱ ነው፤ ቦታውም የግብፅ ጣቢያ ነው» ብሎ ደመደመ። ሹሙ ግን እዚያው ግብፅ፣ አስዩት ላይ የራሱ መቃብር አለው! ሐውልቱ ከርማ የደረሰው በኋላ ነው፤ ምናልባትም በዘረፋ። ራይስነር ጎበዝ ቆፋሪ ነበር፣ ማስታወሻዎቹም ዛሬ ድረስ ይጠቅማሉ። ጥቁር ሕዝብ ይህን ሁሉ ሠራ ብሎ ማመን ግን አቃተው።

መቃብሮቹ ራሳቸው እኮ ይናገራሉ። የከርማ ሰው ሬሳውን እንደ ግብፅ አስከሬን አይገንዝም፤ በአልጋ ላይ በጎኑ ያስተኛዋል። ከአንድ መቃብር ፊት ከ4000 በላይ የከብት ራስ ቅል በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ተደርድሮ ተገኝቷል። ይህ የከብት አርቢ ንጉሥ ለቅሶ እንጂ የግብፅ ሹም ቀብር አይመስልም።

ይህን ታሪክ ያቃናው በአብዛኛው ስዊዘርላንዳዊው ሻርል ቦኔ ነው፤ እዚያ አሥርተ ዓመታት ቆፍሯል። እ.ኤ.አ. በ2003 ከከርማ አጠገብ፣ ዱኪ ጌል ላይ፣ ቡድኑ አንድ ጉድጓድ ከፈተ። ውስጡ የሰባት ሐውልቶች ስብርባሪ ነበር። የአምስት ነገሥታት ናቸው፤ አንዱ ግብፅን ጭምር የገዛው ቲርሐቅ ነው። የሰባበራቸው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ593 የዘመተው የግብፁ ዳግማዊ ፕሳምቲክ ሠራዊት ሳይሆን አይቀርም። አንድ ሰው ግን ቁርጥራጩን ለቅሞ በጥንቃቄ ቀብሮታል።