የአርስቶትል ፍልስፍና እና የመካከለኛው ዘመን ምዕራባውያን የቁርባን ትምህርት

የመካከለኛው ዘመን የምዕራብ ሊቃውንት ኅብስቱና ወይኑ እንዴት የክርስቶስ ሥጋና ደም እንደሚሆኑ ሲያብራሩ የተጠቀሙበት ቋንቋ በአብዛኛው ከግሪክ ፍልስፍና፣ በተለይም ከአርስቶትል የተወሰደ ነው። እምነቱ ግን ከአርስቶትል አልመጣም፤ መሠረቱ «ይህ ሥጋዬ ነው» የሚለው የጌታ ቃል ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም ምሥጢረ ቁርባንን ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር አንዱ አድርጋ ታስተምራለች፤ ከዚህ በታች የሚነገረው ክርክር ግን የላቲኑ ዓለም ክርክር ነው። ዓመታቱም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አርስቶትል ስለ አንድ ነገር ሊነገር የሚችለውን ሁሉ በ10 ይመድባል። የመጀመሪያው ህላዌ ነው፤ ማለትም በራሱ የሚቆመው ነገር፣ ይህ ሰው፣ ይህ ፈረስ። የቀሩት 9 ማለትም መጠን፣ ዓይነት (እንደ ቀለምና ጣዕም ያለው)፣ ዝምድና፣ ቦታ፣ ጊዜና ሌሎቹ በህላዌው ላይ የሚያርፉ ጠባያት ናቸው። ነጭነት ለብቻው ቆሞ የትም አይገኝም፤ የሚገኘው ነጭ በሆነ ነገር ላይ ብቻ ነው። ሮማዊው ሊቅ ቦኤቲየስ ይህ ትምህርት የሚገኝበትን «ምድቦች» የተባለ የአርስቶትል ድርሰት በ6ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ወደ ላቲን ስለመለሰው የገዳም ትምህርት ቤቶች የአርስቶትልን የተፈጥሮ መጻሕፍት ከማግኘታቸው ብዙ መቶ ዓመታት አስቀድመው ያውቁት ነበር።

በ9ኛው መቶ ዘመን በፈረንሳይ ኮርቢ ገዳም ሁለት መነኮሳት ተለያዩ። ፓስካሲዩስ ራድቤርቱስ በመሠዊያው ላይ ያለው ሥጋ ከማርያም የተወለደው ራሱ ነው አለ፤ ራትራምኑስ ደግሞ መገኘቱ በስሜት ሕዋሳት በሚታይ መንገድ እንዳልሆነ አጥብቆ ተከራከረ። እዚህ ላይ አርስቶትል ገና ብዙም አይታይም። ጎልቶ የወጣው በ11ኛው መቶ ዘመን፣ በፈረንሳይ የቱር ከተማ መምህር የነበረው ቤሬንጋር አመክንዮን ይዞ ሲነሣ ነው። ጠባይ ያለ ተሸካሚው ሊኖር አይችልም፤ የኅብስቱ ቀለምና ጣዕም እንዳለ ከቀረ ኅብስቱም አለ ማለት ነው፣ ሲል ደመደመ። በ1059 ሮም ላይ እንዲምል የተደረገበት ቃል የክርስቶስ ሥጋ በምእመናን ጥርስ ይታኘካል እስከማለት የደረሰ ሻካራ አነጋገር ነበር። በ1079 የማለበት ቃል ግን ኅብስቱና ወይኑ «በህላዌ» ይለወጣሉ ይላል። በሁለቱ መሐላዎች መካከል ባሉት 20 ዓመታት የላቲን ነገረ መለኮት ምን ያህል እንደበሰለ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል። በ1215 አራተኛው የላተራን ጉባኤ የህላዌ መለወጥን የሚገልጸውን ቃል በእምነት መግለጫው ውስጥ አስገባ።

የቤሬንጋር ተቃውሞ ግን አልተመለሰም ነበር። በቀጥታ የገጠመው የነገረ መለኮት ሊቁ ቶማስ አኳይናስ (በ1274 ያረፈው) ነው። የኅብስቱ ህላዌ በሙሉ ወደ ክርስቶስ ሥጋ ህላዌ ይለወጣል፤ ጠባያቱ ግን ይቀራሉ። ታዲያ ማን ይሸከማቸዋል? የክርስቶስ ሥጋ አይሸከማቸውም፤ የከበረ ሥጋ ነጭና ክብ ሊሆን አይችልምና። የቶማስ መልስ ሁለት ደረጃ አለው። ቀለም፣ ጣዕምና ሽታ በኅብስቱ መጠን፣ ማለትም በርዝመቱ፣ በስፋቱና በውፍረቱ ላይ ያርፋሉ። መጠኑን ግን ያለ ተሸካሚ የሚያቆመው እግዚአብሔር ነው፤ የመጀመሪያው ምክንያት፣ ማለትም እግዚአብሔር፣ በሁለተኛው ምክንያት፣ ማለትም በፍጡር በኩል የሚያደርገውን ያለ እርሱም ማድረግ ይችላልና። ይህን መርህ የወሰደው ከአርስቶትል ሳይሆን ከአዲስ ፕላቶናዊው ፕሮክሉስ ሐሳብ ከተጠናቀረ ጽሑፍ ነው። ስለዚህ የአርስቶትልን ቃላት ጠብቆ የአርስቶትልን ሕግ ጣሰ ማለት ይቻላል። የዚህ ትምህርት ትልቁ ነጥብም ይህ ነው። በ1277 የፓሪሱ ጳጳስ ኤቲየን ታምፒየ ካወገዛቸው 219 አንቀጾች መካከል «ጠባይ ያለ ተሸካሚ ሊኖር አይችልም» የሚል አቋም ያላቸው ይገኙበታል።

ይህ ሁሉ በመሠዊያው ላይ ተግባራዊ ውጤት ነበረው። ኅብስቱ የስንዴ፣ ወይኑ የወይን ፍሬ መሆን አለበት። ኮምጣጤ የሆነ ወይን አይሆንም፤ ዓይነቱ ተለውጧልና። የሚጨመረው ውሃ ጥቂት ይሁን፤ ከበዛ የወይኑን ዓይነት ያጠፋል። የክርስቶስ መገኘት የሚቆየውም መልኩ እስካለ ድረስ ነው፤ ጣዕሙ ወይም ቀለሙ ትንሽ ቢለወጥ አይቋረጥም፣ ኅብስቱ ወደ ትቢያነት ቢደቅ ግን ይቋረጣል። ህላዌ እንደ መጠን ተዘርግቶ ስለማይገኝ ክርስቶስ በእያንዳንዱ ቁራሽና ጠብታ ሙሉ ነው። ለአንዲት ጠብታ ያን ያህል ጥንቃቄ የሚደረገውም በዚህ ምክንያት ነው። ቶማስ የጠቀሰው የቆየ ቀኖና ዝርዝሩን እንዲህ ይደነግጋል፤ ደሙ በመሠዊያው ላይ ቢንጠባጠብ ካህኑ በአፉ ስቦ ይወስደዋል፣ ንስሐውም 3 ቀን ነው። በመሠዊያው ላይ ተደራርበው ከተነጠፉት ጨርቆች ወደ ሁለተኛው ካለፈ 4፣ ወደ ሦስተኛው 9፣ ወደ አራተኛው 20 ቀን ይሆናል። ጨርቆቹ ከሥራቸው ጽዋ ተይዞ 3 ጊዜ ይታጠባሉ። በቸልተኝነት መሬት ላይ ከፈሰሰ ቦታው ተፍቆ ፍቃፊው ይቃጠላል፣ አመዱ በመሠዊያው ውስጥ ይቀመጣል፣ ንስሐውም 40 ቀን ነው። ከመቀደሱ በፊት ዝንብ ወይም ሸረሪት ጽዋው ውስጥ ቢገባ ወይኑ ተደፍቶ ጽዋው ይጠራና ሌላ ወይን ይቀዳል። ከተቀደሰ በኋላ ከሆነ ነፍሳቱ በጥንቃቄ ተይዛ ትታጠባለች፣ ከዚያም ትቃጠላለች።

ኋላ ላይ እንግሊዛዊው ፈላስፋ ዊልያም ኦካም መጠን ከህላዌና ከዓይነት የተለየ ነገር አይደለም በማለት የቶማስን ማብራሪያ ከሥሩ ነቀነቀው፤ በ1324 ያኔ የሮም ጳጳሳት መቀመጫ ወደነበረችው አቪኞን ተጠርቶ ከተመረመረባቸው ትምህርቶች አንዱ የቁርባኑ ነበር። እንግሊዛዊው የነገረ መለኮት መምህር ጆን ዊክሊፍ ደግሞ ወደ ቤሬንጋር ሐሳብ ተመልሶ የኅብስቱ ህላዌ ይቀራል አለ፤ የኮንስታንስ ጉባኤ በ1415 አወገዘው። የትሬንት ጉባኤ በ1551 የህላዌን መለወጥ አጸና፤ የሚቀረውን ግን በአርስቶትል አጠራር «ጠባይ» ሳይል «መልክ» ብሎ ጠራው። የቤተ ክርስቲያን ድንጋጌ በአንድ ፈላስፋ የተፈጥሮ ትምህርት ላይ ታስሮ እንዳይቀር ያደረገ ምርጫ ነው።